በልክ የተሰፋ ማስታወቂያ

ማስታወቂያውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ማንም ሳያነበው አነበብኩት፤ ማንም ሳይጠረጥረው ጠረጠርኩት።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ብርሃኔ፣ የሕግ ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ አስፋልቱን ተሻግረው ወደ ኮፒ ቤቴ መጡ። የቢሯቸው ፕሪንተር ከተበላሸ ወር አልፎታል። በእጅ የተጻፈች ወረቀት ሰጡኝና "ቶሎ በይልኝ አሚኔ፣ ዛሬ ይለጠፍ ተብሏል" አሉ።

ጀመርኩ። ለነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል፤ ብዛት አንድ፤ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ወይም ያላት፤ የመውጫ ፈተና ያለፈ፤ ጉራጊኛ የሚናገር። እዚህ ድረስ ምንም አይልም። ቀጥሎ ግን "የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው" ይላል።

ጣቴ ቆመ።

"እትዬ ብርሃኔ፣ ለሕግ ባለሙያ ሞተር ምን ያደርግለታል?"

"እኔ ምን አውቄ፤ መምህር ሸረፋ እንደጻፉት ጻፊው።"

ጻፍኩት። በውስጤ ግን ፍርዱን ሰጥቼ ጨርሼ ነበር።

እዚህ ወልቂጤ ከዚህ ግቢ በር ፊት ለፊት ስቀመጥ ስድስት ዓመቴ ነው። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ውጤቱ በሩን ዘጋብኝ እንጂ ሕጉ አልዘጋብኝም። የስንቱ መመረቂያ ጽሑፍ በእነዚህ ጣቶች አልፏል! ውል፣ ውርስ፣ ይርጋ፣ ሁሉንም እየተየብኩ ለቅሜዋለሁ። የራሱ ጽሑፍ ምን እንደሚል እኔን የሚጠይቀኝ ተመራቂ አለ። ተማሪዎቹ "ነገረ ፈጇ" ይሉኛል። ሲቀልዱ ነው፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ነው የምቀበለው።

ከሕጉ ይልቅ የተማርኩት ግን ማስታወቂያ ማንበብ ነው። ሰው የሚፈልግ ማስታወቂያ አለ፤ ሰው ያገኘ ማስታወቂያም አለ። ሁለተኛው በጥበቱ ይታወቃል። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት "አምስት ዓመት ከሦስት ወር የሥራ ልምድ" የሚል አስተይቦኛል። አምስት ዓመቱስ ይሁን፤ ሦስቷን ወር ማን ቁጭ ብሎ ያስባታል? ልክ ተወስዶ የተሰፋ ልብስ ነው። ሌላው ሰው ቢለብሰው ብብቱ ላይ ይቀደዳል።

ይኼኛውን ደግሞ ማን እንደሚለብሰው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ሙባሪክ አለ፤ የማዕከሉ ኃላፊ የመምህር ሸረፋ የእህት ልጅ፣ ዓምና ከዚሁ የተመረቀ። በዚያ በር በቀይ ሞተር እየተንደቀደቀ የሚገባ እሱ ብቻ ነው። ጥበቃው እንኳን ከሩቅ ድምፁን ሰምቶ ነው ሰንሰለቱን የሚፈታለት።

ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ገና እንደሞቀ ሚስጥር የምትባለዋ ልጅ ገባች። ከሙባሪክ ጋር የተመረቀች ናት። እስካሁን ሥራ አላገኘችም፤ አፏ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

"ምንድን ነው? የሥራ ነው? እስቲ አሳይኝ!"

"አትልፊ" አልኳት፤ "ባለቤት አለው።"

"የማን?"

"ሞተር ያለው ማነው?"

ሚስጥር አፏን በእጇ ያዘች። ወይዘሮ ብርሃኔ ወረቀቱን ይዘው መንገዱን እስኪሻገሩ ድረስ ወሬው የተመራቂዎቹ ቴሌግራም ላይ ደርሷል። ማስታወቂያው ግቢው በር አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ "ባለቤት አለው" የሚለው ቀድሞት ነበር።

ማክሰኞ ሰልሚያ ከእምድብር መጣች። የአክስቴ ልጅ ናት። ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ፤ የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው ዙር ያለፈች። አባቷን በሸቀጥ ሱቁ ታግዛለች፤ በሱ ሞተር እስከ ጉንችሬ ገበያ ዕቃ ታመላልሳለች። መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ያለው ወንድሟ ደግሞ ቀን ቆርጦላታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ሱቁን ትረከባለች። "አንዴ ከገባሁ አልወጣም አሚኔ" ብላኛለች፤ "ሕጉ በዚያው ቀረ ማለት ነው።" ስለዚህ ይህች ማስታወቂያ ለሰልሚያ የመጨረሻዋ ነበረች።

ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳንለዋወጥ ማስረጃዎቿን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። "ኮፒ አድርጊልኝ፣ አሁኑኑ ላስገባ።"

"ሰልሚያዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ለሙባሪክ ነው የወጣው።"

"ሞተር ነው ያሉት። እነዳለሁ እኮ! መንጃ ፈቃዴ ይኸው።"

"ትነጃለሽ። መምህር ሸረፋ ግን አጎትሽ አይደሉም።"

"ሲሉ ሰምተሻል?"

"መስማት አያስፈልገኝም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አንቺን የሚፈልጉሽ ለአጃቢነት ነው። 'ሦስት ሰው ተወዳድሮ ሙባሪክ አለፈ' እንዲባል። ለሱ ሠርግ አንቺ ሚዜ ልትሆኚ ነው?"

ማስረጃዎቿን አንድ በአንድ ሰበሰበች። ዲግሪዋን ላስቲክ ውስጥ ስትመልስ እጇ ዘገየ። አሳዘነችኝ፤ ከውርደት ያዳንኳት ግን መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንደ መርማሪ ነው ያሳለፍኩት። ረቡዕ ሙባሪክ መጣ፤ አጎቱ ቢሮ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እየሳቀ ወጣ። ያዝኩህ አልኩ። ሐሙስ መምህር ሸረፋ ራሳቸው ሰሌዳው ሥር ቆመው የገዛ ማስታወቂያቸውን ሲያነቡ አየኋቸው፤ ሌባ የሰረቀበትን ቦታ እየዞረ ያያል አልኩ። ሐሙስ ከሰዓት ወይዘሮ ብርሃኔ ብቅ ብለው "ልጆቹ ስለማስታወቂያው ምን ይላሉ?" ሲሉኝ፣ አሃ፣ ወሬ ለመልቀም ተልከዋል አልኩና "ምንም" ብዬ ሸኘኋቸው። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። አንድም የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ ብርሃኔ ሌላ በእጅ የተጻፈ ይዘው መጡ። ለበላይ መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ነው። መተየብ ጀመርኩ። "... ማስታወቂያው ለአምስት የሥራ ቀናት ተለጥፎ የቆየ ቢሆንም አንድም አመልካች ስላልቀረበ የሥራ መደቡ እንዲታጠፍ ..."

"አንድም?" አልኩ። "ሙባሪክስ?"

"ሙባሪክ ምን?"

"አላመለከተም?"

"ኧረ እሱማ ሆሳዕና ሥራ አግኝቷል። ረቡዕ አጎቱን ሊሰናበት መጥቶ አላየሽውም?"

አሁንም ተጠራጠርኩ። ማንም አልመጣም ብለው ያለ ውድድር የራሳቸውን ሰው ሊያስገቡ ይሆናል አልኩ። ግን "እንዲታጠፍ" ይላል። የታጠፈ መደብ ለእህት ልጅም፣ ለአክስት ልጅም አይሆንም። ሰውን ባላምን እንኳን የተጻፈ ነገር ማንበብ አውቃለሁ።

"ሞተሩስ ታዲያ?" አልኩ።

"ባለሙያው እኮ የቸሃን ገጠር ነው የሚያዳርሰው። መሬታቸውን ወንድም የነጠቃቸው ሴቶች አሉ፤ አሮጊቶች፣ ከተማ መምጣት የማይችሉ። ባለሙያው ቤታቸው ድረስ ይሂድ ነው። በእንሰቱ መሀል መኪና በምን ይገባል? አንቺ አገሩን አታውቂውም እንዴ?"

አላውቅም እንዳልል፣ የተወለድኩበት ነው።

"ሰውማ መጥቷል" አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ ቦርሳቸውን እየዘጉ። "ስምንት ልጆች ቆጥሬያለሁ። ያነባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይሄዳሉ። ባለቤት አለው አሉ። ማን እንዳለ እንጃ።" ይህን ሲሉ አዩኝ። ወይም ያዩኝ መሰለኝ።

ደብዳቤውን አልጨረስኩትም። በእጅ የተጻፈውን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

መምህር ሸረፋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀት ያገላብጡ ነበር።

"መምህር፣ ወሬው የወጣው ከኔ ነው።"

"የቱ ወሬ?"

"ለሙባሪክ ነው የሚለው።"

መነጽራቸውን አወረዱ። "በምን አወቅሽ?"

"አላወቅኩም።"

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ይህን አንድ መደብ ለማስፈቀድ" አሉ ቀስ ብለው፤ "ሁለት ዓመት ለምኜበታለሁ።" ከፊታቸው ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። "አንድ ቀን ማራዘም እችላለሁ። ሰኞ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት። አንድ ሰው እንኳን ከመጣ ደብዳቤው ይቀራል። ግን ያወጣሽውን ወሬ አንቺው መልሺው።"

ወሬ ማውጣት ቀላል ነው። ቴሌግራሙ ላይ "ተሳስቻለሁ። ቦታው ባለቤት የለውም፤ ሰኞ አመልክቱ" ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ዘነበ። "ነገረ ፈጇም ተገዛች።" "አጃቢ አነሳቸው ማለት ነው።" ሚስጥር ደግሞ "ሚዜ ፍለጋ ነው" ብላ ሳቂታ ፊት ደረደረችበት። ቃሉ ሁሉ የኔ ነው። ከየት እንደሰሙት ግን ማንም አላስታወሰም።

ሰልሚያ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

"ማክሰኞ የነገርሽኝስ?"

"ከራሴ ነው።"

"የአሁኑስ?"

"የአሁኑን አንብቤ ነው። በዓይኔ አይቼ።"

"ሰኞ ጠዋት ነው ወደ አዲስ አበባ የምሄደው፤ ሻንጣዬን አስሬያለሁ" አለችና ስልኩን ዘጋችው። እመጣለሁም፣ አልመጣምም አላለች።

ሰኞ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰሌዳው ሥር ሰው ተሰበሰበ፤ ለማመልከት ሳይሆን ማን እንደሚያመለክት ለማየት። ሚስጥርም፣ ሀቢቡም አሉ፤ እኔም ተሻግሬ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሀቢቡ በሕግ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ በኪራይ ሞተር ሰው ማመላለስ የጀመረ ልጅ ነው። ሞተሩን ከአስፋልቱ ዳር አቁሞ ይስቃል። እሱን ሳየው ደነገጥኩ። ሞተር የሚነዳው ሙባሪክ ብቻ ነው ብዬ ስፈርድ፣ ይህ ልጅ በየቀኑ ከበሬ ፊት ይቆም ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ ሰልሚያ ደረሰች። ሄልሜቷን ከሂጃቧ በላይ አጥልቃለች፤ ሻንጣዋ ከሞተሩ ኋላ ታስሯል። ሞተሩን በሩ ላይ አቁማ፣ እኔን ቀና ብላ ሳታይ ወደ ውስጥ ገባች።

"ይቺ ያክስትሽ ልጅ አይደለችም?" አለች ሚስጥር።

"ናት።"

"ውይ ጉድ!" እጇን አጨበጨበች። "ስሙ እስቲ! ማስታወቂያውን ማን ተየበው? አሚኔ። ሞተር የምትለዋን ማን ጨመራት? እኛን ባለቤት አለው ብላ ማን አባረረን? ዓርብ አለቃው ቢሮ ገብታ ቀን ያስጨመረችውስ? አንቺ፣ እኛ ሙባሪክ ስንል!"

ሳቁ በሩን አናወጠው። ሁሉም ይገጥማል። አንድም የሚተርፍ ነገር የለም። በዚህ ማስረጃ እኔም ብሆን ሳላቅማማ በአሚኔ ላይ እፈርድ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ሰልሚያ ብቻዋን ተወዳድራ ብታልፍ፣ ሥራውን በሠራችበት ዘመን ሁሉ የአሚኔ ዘመድ እንደተባለች ትኖራለች። ገጠር ያለች አሮጊት ጉዳይ ይዛ ፍርድ ቤት ስትቆም እንኳን ከኋላዋ ይሽሟጠጡባታል።

"ሀቢቡ" አልኩ።

"አቤት ነገረ ፈጇ!"

"መንጃ ፈቃድ አለህ። ዲግሪ አለህ። በጉራጊኛ ከኔ ትበልጣለህ። እዚህ ቆመህ ከምትስቅ ግባና ተወዳደራት።"

"ለማጀብ?"

"ለማሸነፍ። ካሸነፍካት ሚስጥር ውሸታም ሆነች። ካሸነፈችህ ደግሞ በችሎታዋ እንዳለፈች አንተው ትመሰክራለህ።"

ሳቁ ቀነሰ። ሀቢቡ የሞተሩን ቁልፍ እጁ ላይ ሁለት ጊዜ ወረወረና ቀለበ። ሚስጥርን አያት፤ እኔን አየኝ። ከዚያ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ገባ።

ሰልሚያ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ተላለፉ። ቆማ ጀርባውን አየችው፤ ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

"አንቺ ነሽ የላክሽው?"

"አዎ።"

"ሀቢቡ እኮ ከክፍላችን አንደኛ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

ይሄኔ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሻንጣዋን ከሞተሩ ፈታች። እንዳግዛት እጄን ብዘረጋ አልሰጠችኝም፤ ራሷ ተሸክማ አስፋልቱን ተሻገረችና ኮፒ ቤቴ ጥግ አስቀመጠችው።

"የቅጥር ፈተናው ሐሙስ ነው" አለች። "የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለሽ?"

ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋት። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ማንበብ ጀመረች።