ፀሐይ የመታው ጡት

ክር ፋብሪካው ውስጥ ሌላው ሰው የሚሰማው የማሽን ጩኸት ነው፤ አቻምየለሽ ግን የልጅ ለቅሶ ትሰማለች። በሰማች ቁጥር ጡቷ እየፈሰሰ ጋዋኗን ያርሰዋል። ያኔ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ትቀረቅርና የልጇን የፌኔትን ድርሻ ለሲሚንቶው ታጠጣለች። «ሲሚንቶው ወፈረ፣ ልጄ ቀረባት» ብላ ስትወጣ ጓደኞቿ ይስቃሉ። እሷ አትስቅም።

ፌኔት ብሎ ስም ያወጣላት የአቻምየለሽ ባል ኩምሳ ነው፤ በኦሮምኛ የተመኘናት እንደማለት ነው። የወሊድ ፈቃዱ ሲያልቅ፣ አከራይቱም ሕፃን ሲያለቅስ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ስታሳውቅ፣ ተመኝተው ያገኟትን ልጅ ከሩቅ ሊመኟት ግድ ሆነ። ኩምሳ የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ ቤቱን የሚያውቀው በእንግድነት ነው። ስለዚህ አቻምየለሽ ልጅቷን ከአቃቂ ወንዝ ማዶ፣ ገጠር ላሉት አማቷ ለእማማ አሰፋች ወስዳ ሰጠች።

ባዶ እጇን ግን አልሄደችም። ሰፈሯ ያለው የዙለይኻ ሱቅ በር ላይ ከተሰቀለው ሁሉ የሚያምረውን፣ ዳክዬ የተሳለበትን ጡጦ መረጠች። ዙለይኻ እየጠቀለለችላት «በየቀኑ ይቀቀላል፣ እሺ?» አለቻት፤ እሷም ያንኑ ቃል ለአማቷ አደረሰች። በዚያ መንደር ጡጦ ያላት ሕፃን ፌኔት ብቻ ነበረች። አቻምየለሽ ይህን ለማንም አልደበቀችም።

እሑድ እሑድ ትሄዳለች። ባጃጁ መንገዱ ሲያልቅ ያወርዳታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ አንድ ዛፍ የለበትም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስትደርስ አማቷ ደጃፉ ላይ ያስቆሟታል።

«ጥላው ሥር ቁጭ በይ። ፀሐይ የመታው ጡት የልጅ ሆድ ያበላሻል።»

«እማማ፣ የከተማ እናት ሁሉ እኮ ፀሐይ ለፀሐይ ነው የምትውለው።»

«የከተማ ልጅም አይቻለሁ። ነጭ ሽንኩርት ይመስላል።»

የሞቀውን ወተት ከጡቷ አልባ አፈር ላይ ታፈሳለች፤ ገላዋ እስኪቀዘቅዝም ትጠብቃለች። ገላዋ ሲቀዘቅዝ ፌኔት ጡጦዋን ጨርሳ ተኝታለች። እናት የተኛች ልጇን ውስጥ እግሯን አሽትታ፣ የመጨረሻው ባጃጅ እንዳያመልጣት ትሮጣለች። የሳምንት ናፍቆት በአንዲት እግር ሽታ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይወጣም።

የዛሬው እሑድ ግን ፌኔት አልተኛችም። መደቡ ላይ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተጋድማለች። ታለቅሳለች፤ እንባ የላትም።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከሐሙስ። ጥርስ ልታበቅል ነው መሰል፣ ተቅማጥ ያዛት። የገባው ሁሉ ሲወጣ ጊዜ መጠጡንም ቀነስኩባት።»

አቻምየለሽ ጡጦውን ፈለገች። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ተሰቅሏል። ክዳኑን ስትከፍተው ሽታው ፊቷን መለሰው። ጎማው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል።

«ይሄንን ቀቅለውት ያውቃሉ?»

አሮጊቷ ተቆጡ። «ፕላስቲክ እሳት ላይ ይጣዳል እንዴ? ልጄ ከከተማ ያመጣችውን ዕቃ አቅልጬ በምን ዓይኔ ላይሽ? በምንጭ ውኃ ለቅለቅ አድርጌ በጨርቅ ነው የማኖረው። እኔ የራሴን ነጠላ እንዲህ አልያዝኩም።»

ምንጩን ስትመጣ አይታዋለች፤ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይጠጡ ነበር። የአቻምየለሽ ምላስ ምላጭ ነው፤ የፋብሪካው ፎርማን እንኳ ዞር ብሎ ነው የሚያልፋት። አሁን ግን ምላጩ ወደ ራሷ ዞረ። ጡጦውን ያመጣችው እሷ ናት። አሮጊቷም እንደ ታቦት ነው የጠበቁላት።

ላቧ ሳይደርቅ ልጅቷን አንስታ ልብሷን ፈታች።

«ቆይ እንጂ፣ ጡትሽ ገና ትኩስ ነው።»

«እሷም ትኩስ ናት፣ እማማ። ይተዋወቁ።»

ፌኔት ግን ፊቷን አዞረች። የምታውቀው ጎማውን ነው፤ ሥጋው እንግዳ ሆነባት። አቻምየለሽ ይህን ያህል የቆረጣት ነገር አታስታውስም። ከንፈሯ ላይ ብታንጠባጥብላት አሁንም ዞረች፤ ዞራም በሰለለ ድምፅ አለቀሰች። ይኼኔ ወተቱ ለማሽን ጩኸት እንደሚታለለው ሁሉ ራሱ ወርዶ ጉንጯን አራሰው። ልጅቷ ምላሷን አወጣች። ቀመሰች። ከዚያ እንደ ደከመ ሰው ቀስ ብላ ያዘች።

«ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው» አለች አቻምየለሽ።

«የነገው ሥራሽስ?»

«ፋብሪካው ክር አያጣም።»

እማማ አሰፋች ወደ ጓዳ ገቡ። ለንግሥ በዓል ብቻ የሚይዙትን ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ወጡ።

ሜዳውን አብረው ገቡበት። አሮጊቷ ጃንጥላውን የያዙት ከማንም አናት በላይ አይደለም፤ ከምራታቸው ደረት ፊት ነው። የራሳቸው ሽበት ፀሐይ ላይ ቀርቷል። «ደረትሽን፣ ደረትሽን» እያሉ ያስጠጉላታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አቻምየለሽ በዚህ ትቀልድ ነበር። ዛሬ ወደ ጥላው ጠጋ አለች። ፌኔት መጥባቷን ስታቆም ሁለቱም ይቆማሉ። ስትቀጥል ይራመዳሉ።