ግማሽ የምትሆን ብረት

በ1965 ዓ.ም. ግንቦት አሥራ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አያሌው አንዲት ሳንቲም የምታክል ብረት በወረንጦ አነሣ። ሁለት ሰዎች ቆመው አዩ። ብረቷ ምንም አልሆነችም።

አያሌው የውሃ ጥናቱ ቴክኒሻን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ድንኳን ውስጥ ብቻውን ስለከረመ ከቆጣሪው ማሽን ጋር ማውራት ጀምሯል። ሥራው ኒውትሮን የሚረጭ የጨረር ምንጭ በቧንቧ ወደ አፈሩ ማውረድ ነው። እርጥበት ካለ ኒውትሮኖቹ ይዘገያሉ፤ ቆጣሪውም ይንጫጫል። እዚህ ቆጣሪው ዝም ብሏል።

"መሬቱ አይደለም የደረቀው" አሉ ከአዲስ አበባ የመጡት ተቆጣጣሪ፣ አቶ ገብረ ማርያም፣ ጫማቸውን እያራገፉ። "የጨረር ምንጭህ ነው የደከመው። እሱን ጻፍ። ሌላ እስኪላክ ስድስት ወር እንጠብቃለን።"

"ስድስት ወር፣ ጌታዬ? እህል የሚላከው እኮ ይህን ወረቀት አይተው ነው።"

"እህል ማን ጠየቀ? አባባ፣ ተቸግራችኋል?"

የሚለካው ማሳ ባለቤት ሸረፈዲን ሽርጣቸውን አጠበቁ። እንግዳ ፊት ራበኝ ማለት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።"

"ሰማህ?"

አያሌው ያልሰማ መስሎ ብረቷን ቆጣሪው ሥር አኖራት። ኢንዲየም ትባላለች። ከትናንት ጀምሮ ከጨረር ምንጩ አጠገብ ነበረች። ፈጣን ኒውትሮኖች ከመቷት እሷም በተራዋ ጨረር ትረጫለች፤ ምንጩ ከደከመ ዝም ትላለች።

ቆጣሪው በደቂቃ 412 አለ።

"አቧራ ነው" አሉ ተቆጣጣሪው።

"አቧራ ቢሆን ቁጥሩ በልክ አይቀንስም። እሷ ግን በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ግማሽ ትሆናለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ 206 አካባቢ ካለች፣ ምንጩ ጤነኛ ነው።"

"እጠብቃለሁ" አሉና ሾፌሩን የመኪናውን ሞተር እንዳያጠፋ አዘዙት።

ግራሩ ሥር ተቀመጡ። ተቆጣጣሪው ብስኩት ከፍተው ለሸረፈዲን ዘረጉላቸው።

"ይብሉ፣ አባባ።"

"ጠግቤያለሁ። እናንተ ብሉ።"

"ምን በልተው?"

"ያው የቤቱን።" ሸረፈዲን ዓይናቸውን ከብስኩቱ ወደ ቆጣሪው አዞሩ። "ይቺ ብረት አሁን ምን እየሠራች ነው?"

"እየቀነሰች ነው" አለ አያሌው።

"እሷም?"



ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቆጣሪው 209 አለ። አቶ ገብረ ማርያም ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አዩት።

"ይሁን። ምንጩ ጤነኛ ነው፤ መሬቱም ትንሽ ደረቅ ይላል። ሰዉ ግን ደህና ነኝ ብሏል። 'አያሰጋም' ብለህ ቅጹን ዝጋው።"

በዚህ መካከል የሸረፈዲን ሚስት ዘኪያ በመንገዱ መጣች። የቤታቸውን በር ከነመቃኑ አዝላ ወደ ቆቦ ገበያ እየሄደች ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም" አለች፣ ሳትቆም።

ተቆጣጣሪው ብስኩቱን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። "እመት፣ ማታ ቤቱን በምን ልትዘጉት ነው?"

"ምን እንዳይወጣ ብለን፣ ጌታዬ?"

ሸረፈዲን ማንንም ሳያዩ ተነሡ፤ ሄደው የበሩን አንድ ጫፍ ያዙላት። ሁለቱም በአቧራው ውስጥ ራቁ።

አያሌው ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "የጨረር ምንጩ ጤነኛ ነው። መሬቱ ደረቅ ነው" ብሎ ጻፈ። "ሰዉ ተርቧል" ለሚለው ቅጹ መስመር አልነበረውም። ኅዳጉ ላይ ጻፈው።