ደህናው ወገብ

ኤልፒዲዮ በቤዝቦል ልምምድ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ጎንበስ ብሎ መሬት ለመሬት የምትመጣ ኳስ ሲይዝ የቡድኑ ዕቃ ጠባቂ ከጀርባው መጣ። "አሰልጣኙ ቢሮው ይፈልግሃል" አለው፤ ዓይኑን ግን አላየውም።

በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት የቆየ ሰው ከልምምድ መሃል መጠራት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ጓንቱን አወለቀ። ቦርሳው ውስጥ ሌሎች ሦስት አሉት፤ ለየቤዙ የሚሆኑ። ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲደክመው፣ የሰው ሚስት ስትወልድ የሚገባው እሱ ነው። የእኔ የሚለው ቦታ ኖሮት አያውቅም። ዋናው ሊግ የተጫወተበት ቀን ተሰብስቦ አንድ የውድድር ዘመን አይሞላም፤ የቀረው ዕድሜው እንዲህ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ከአውቶቡስ አውቶቡስ ሲል ያለቀ ነው።

አሰልጣኙ ዴል ሃስኪንስ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ ጠበቀው።

"ተቀመጥ ኤልፒ። ወገብህ እንዴት ነው?"

"ወገቤ? ደህና ነው።"

"አይ፣ አሞሃል።"

ኤልፒዲዮ ጓንቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"ስማኝ" አለ ዴል፣ "ነገ ከታችኛው ቡድን አንድ ልጅ ይመጣል፤ ቦታ ያስፈልገኛል። ደህና ነኝ ካልክ አለቆቹ አሰናብተው ነው የሚሉኝ። ወገቤን ካልክ ግን ከሕመምተኞቹ ጋር ትመዘገባለህ፣ ደሞዝህም አይነካም። ቦታ ሲገኝ ትመለሳለህ። ስንቱን እንዲህ አሳልፈነዋል መሰለህ።"

"ዴል፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብዬ አውቃለሁ?"

"አታውቅም። ለዚህ እኮ ነው የሚያምኑህ። በል ወጌሻው ጋ ሂድ።"

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገር ቤት፣ ሳን ፔድሮ ላለችው ሚስቱ ለዩዴልካ ደወለ።

"ወገቡን አሞታል ሊሉኝ ነው" አላት።

"አሞሃል እንዴ?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ታዲያ እሺ በላቸው። በዚህ ዕድሜህ ሌላ ማን ይወስድሃል? ልሰድብህ አይደለም ፍቅሬ፣ እውነቱን ነው።"

አልተቀየማትም። እሱም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ወጌሻው ፊኒያስ ቅጹን ሞልቶ ጨርሶ ነበር።

"ዴል ደውሎልኛል። ወገብ፣ በቀኝ በኩል ብዬዋለሁ። ፈርምልኝና ሂድ እረፍ።"

ኤልፒዲዮ አልጋው ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ያዘ። ቅጹን ሲያነብ ንዴቱ መጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ የግራ ጉልበቱን ሲያመው፣ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ እየደገፈ፣ ለአንድም ወጌሻ ትንፍሽ አላለም። አመመኝ ያለ ሰው ቦታውን እንደሚያጣ ከማንም በላይ ያውቃል፤ እንጀራውን የበላው በሌሎች ሕመም ነዋ። አሁን ደግሞ ምንም ያልሆነ ወገቡን ታሟል ብሎ ሊፈርም ነው። ደከመው። በእውነት ደከመው።

"ጉልበቴ ነው" አለ።

"ምን?"

"የሚያመኝ ጉልበቴ ነው። ስድስት ዓመቱ።"

ፊኒያስ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"አልሰማሁህም። ጉልበት ብዬ ከጻፍኩ ራጅ ትነሳለህ፤ ራጁን ካዩ ቀዶ ሕክምና ነው። በሠላሳ አምስት ዓመትህ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈርምህ የለም። ወንድሜ፣ ወገቡ ላይ ፈርምና ውጣ።"

"በመስከረም ሌላ ልጅ ሲመጣስ ምኔን ልታመም? ትከሻዬን?"

ኤልፒዲዮ እስክሪብቶውን መለሰለትና ጎንበስ ብሎ የሱሪውን የግራ እግር ወደ ላይ ይጠቀልል ጀመር።

"ወገቡን ሰርዘው" አለ።