ዋንዳ ኮሌጅ ልታይ የሄደች ዕለት

ዋንዳ ኪስሊንግ በሃምሳ አራት ዓመቷ ኮሌጅ ልታይ የሄደችው በጥቅምት ወር፣ አንድ አርብ ጠዋት ነው። ያን ቀን መምህራኑ ስብሰባ ስለነበራቸው የምትሠራበት ትምህርት ቤት ዝግ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወጥ ቤቱም ይዘጋል። ዋንዳ በዚያ ወጥ ቤት ሃያ አራት ዓመት አብስላለች። የከተማዋ ልጆች፣ ዛሬ ፖሊስ የሆነውም፣ ባንክ ቤት የተቀጠረችውም፣ ከእጇ በልተው ነው ያደጉት።

መኪናውን የምትነዳው የመጨረሻ ልጇ ኬልሲ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ነርስ ናት፣ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። ለጉብኝቱ እናቷን ያስመዘገበችውም እሷ ነች፤ የነገረቻት ግን ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ዋንዳ ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን ሳሎን ገብታ፣ «ምን ለብሼ ነው የምሄደው?» አለች።

ባሏ ሮላንድ ድንች ገበሬ ነው፤ ወሬ አያበዛም። ጠዋት የመኪናውን መስታወት ወልውሎ፣ ዘይቱን አይቶ፣ «ሂጂና እዪው። ካልወደድሽው መኪናው ወደ ኋላም ይሄዳል» ብሎ ወደ ማሳው ሄደ።

መንገዱ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል። ግራና ቀኙ ድንቹ ተቆፍሮ ወጥቶ የተራቆተ ማሳ ነው፣ አልፎ አልፎ ሐይቅ ብልጭ ይላል። ዋንዳ የመቀመጫ ቀበቶዋን ትፈታለች፣ ታስራለች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ያንቃል እኮ።»

«ያነቀሽ ቀበቶው አይደለም።»

ዋንዳ ቀበቶዋን እንደገና ፈታች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ሳለ ኮሌጅ ገብታ ነበር፣ ትልቅ ከተማ። ስድስት ሳምንት ተማረች። ከዚያ እናቷ ታመሙና «ለሁለት ሳምንት ደርሼ ልምጣ» ብላ ሻንጣዋን እንኳ ሳትይዝ ወደ ቤት ተመለሰች። ሁለቱ ሳምንት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነ። እናቷን አስታመመች፣ ቀበረች፣ አገባች፣ ሦስት ልጅ ወለደች፣ ሦስቱንም አስተምራ አስመረቀች። በየምረቃው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አጨብጭባለች። በኬልሲ ምረቃ ዕለት ግን ኬልሲ ዘወር ስትል የእናቷን ፊት አየች። እናቷ የምታየው እሷን ሳይሆን ጥቁሩን ካባ ነበር። ኬልሲ ያን ጊዜ ነው ነገሩን የያዘችው።

ሎርን ሌክ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ ኮሌጁ። ግቢው በር የለውም፤ የሰው ቤት አጥር ያለቀበት ቦታ ላይ ይጀምራል። የእንግዳ መቀበያው ፊት አራት ልጆች ከነወላጆቻቸው ቆመዋል። አስጎብኚው ኤሞሪ የሚባል ቀጭን፣ ጆሮው በብርድ የቀላ ተማሪ ነው፤ ቢበዛ አሥራ ዘጠኝ ይሆነዋል። ወረቀቱን አየና በቀጥታ ወደ ኬልሲ መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«ዋንዳ ኪስሊንግ! እንኳን ደህና መጣሽ። እናትሽንም ይዘሽ መጣሽ፣ ጥሩ አደረግሽ።»

ኬልሲ እጇን ሳትዘረጋ እናቷን አየቻት። ዋንዳ ዛፍ ታያለች። ቅጠሉ ከመቅላቱ በቀር ምንም የሌለው ዛፍ ነው፣ ግን አፍጥጣ ታየዋለች። ኬልሲ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ የልጁን እጅ ጨበጠች።

«አመሰግናለሁ» አለች። ወደ እናቷም ጠጋ ብላ፣ «በይ እንግዲህ፣ እስክትጠይቂኝ ድረስ ስምሽን አልመልስልሽም» አለቻት።

ኤሞሪ ወደ ኋላው እየተራመደ ያስረዳል። ቤተ መጻሕፍቱን አሳየ፣ ቤተ ሙከራውን አሳየ፣ ዶርም አስገብቶ ካልሲ የተሰጣበትን መስኮት አሳየና ይቅርታ ጠየቀ። ልጆቹ ከፊት ይሄዳሉ፣ ወላጆች ከኋላ። ዋንዳ ሳታስበው ከወላጆቹ ጋር ሆነች። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰች ሴት ከጎኗ መጣች።

«የኔው ልጅ አንድ ጥያቄ እንኳ አይጠይቅም፤ እኔ ነኝ የምለፈልፈው» አለች ሴትዮዋ። «ያንቺዋ ግን ኮስተር ያለች ናት። ምን ልትማር ነው?»

«ነርስነት» አለች ዋንዳ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ታዘበች። ኬልሲ ከፊት ሆና ሰምታለች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ዋንዳ አይታለች። መሳቋ ይሁን መናደዷ ግን ከኋላ አይታወቅም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ ተማሪዎች ካፌ ገቡ። ዋንዳ ከበሩ ጀምሮ ሰውነቷ ተፍታታ። ትሪው፣ እንፋሎቱ፣ የሳህን ኳኳታው፣ ሁሉም የምታውቀው ነው። ሰልፉ የት ላይ እንደሚጨናነቅ ገና ሳትሰለፍ አወቀች። ሾርባውን ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ምነው?» አለች ኬልሲ።

«ጨው አንሶታል። ደግሞ ካሮቱን ቀድመው ከተውታል።»

«ኮሌጁን ነው የምትመዝኚው ወይስ ካሮቱን?»

«ዋንዳ?» አለ ከጀርባ አንድ ድምፅ።

ነጭ ሽርጥ የታጠቀች፣ ፀጉሯን በመረብ የሰበሰበች ደንዳና ሴት ቆማለች። ጌይል ናት። ከስምንት ዓመት በፊት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኞች ሥልጠና ላይ አንድ ክፍል አድረዋል፤ ጌይል ስለምታንኮራፋ ዋንዳ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር የተኛችው። አሁን የዚህ ካፌ ኃላፊ ሆናለች። ተቃቀፉ።

«ልጅሽን ልታስገቢ መጣሽ?»

«እ... ልናይ ነው» አለች ዋንዳ።

ጌይል ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስሚ፣ እግዚአብሔር ነው ያመጣሽ። የጠዋት አብሳዬ የገና ሰሞን ትለቅብኛለች፤ አንቺን የመሰለ ሰው ከየት አገኛለሁ? ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሰባት ነው። ደሞዙ ካላችሁበት ይሻላል። ደግሞ ለሠራተኛ በየመንፈቁ አንድ ኮርስ በነፃ ያስተምራሉ። የፈለግሽው ቀን ጀምሪ።»

ኬልሲ ሹካዋን አስቀመጠች። «አንድ ኮርስ በነፃ?»

«አዎ፣ ማንም የሚጠቀምበት የለም እንጂ። ሥራው ያደክማል።»

ጌይል እንደ ሄደች ኬልሲ ጠረጴዛውን መታች። «እማዬ! ሰማሽ? ሥራም ትምህርትም በአንድ ቦታ። ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል?»

ዋንዳ ወደ ማደያው አየች። አንዲት ሴት በጭልፋ ትቀዳለች፤ ተማሪዎቹ ትሪያቸውን ገፋ እያደረጉ ያልፋሉ። ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ያመሰግናሉ፤ ግን ፊቷን ቀና ብሎ ያየ የለም። ዋንዳ ያን ቦታ ታውቀዋለች። ክፉ ቦታ አይደለም። እንጀራ በልታበታለች፣ ልጆች አሳድጋበታለች። ግን ዛሬ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ሾርባዋን ገሸሽ አደረገች። ፈተና ያላለፈች ይመስል። ገና ለመፈተን እንኳ ስሟን አልተናገረችም።

ከምሳ በኋላ ኤሞሪ ሁሉንም ሰበሰበ። እያንዳንዱ እንግዳ ክፍል ገብቶ የሚያዳምጠውን ትምህርት ሊመዘግብ ነው። አንዱ ልጅ ሙዚቃ አለ፣ ሌላዋ ሒሳብ። የባለ ሰማያዊ ጃኬቷ ልጅ ትከሻውን ነቀነቀና እናቱ መረጠችለት።

«ዋንዳስ? አንቺ የትኛውን?» አለ ኤሞሪ፣ ወደ ኬልሲ እያየ።

ኬልሲ አልመለሰችም። እጇን አጣጥፋ ቆመች። ኤሞሪ ጥያቄውን ሊደግም አፉን ከፈተ።

ዋንዳ እጇን አወጣች፣ እንደ ሕፃን፣ እስከ ጆሮዋ።

«ዋንዳ እኔ ነኝ» አለች። «ተማሪዋ እኔ ነኝ። እሷ ያደረሰችኝ ናት።»

ባለ ሰማያዊ ጃኬቷ ሴትዮ አፏን ያዘች። ኤሞሪ ከጆሮው አልፎ አንገቱ ድረስ ቀላ። «ይቅርታ፣ እኔ እኮ... እርስዎን...»

«እርስዎውን ተወው፣ ዕድሜዬን አታስታውሰኝ። አንቺ ይበቃኛል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጠዋት መናገር ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ዋሽቼሻለሁ። ልጄ ነርስ ሆና ከጨረሰች አራት ዓመቷ ነው።»

ሴትዮዋ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት። «እኔ ብሆን ዛሬም አልናገርም ነበር» አለች።

ዋንዳ በወረቀቱ ላይ የቀረውን አየች። ጂኦሎጂ የሚል ነበር። ለምን እንደመረጠችው ብትጠየቅ፣ ቅርብ ስለሆነ ትል ነበር፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች አሉ። መምህርቷ ፕሮፌሰር ፔንሃሎው የምትባል፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ዓይኖቿ የማያርፉ ቀጭን ሴት ናት። ጡጫ የሚያክል ቀይ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠች።

«እንዲህ ያለ አለት በዚህ ሁለት መቶ ማይል ዙሪያ የለም። እኔ ግን ትናንት ከድንች ማሳ ነው ያነሳሁት። ማን አመጣው?»

ተማሪዎቹ ጠረጴዛቸውን አዩ። አንዱ «ወንዝ» አለ፣ እርግጠኛ ሳይሆን። ዋንዳ ድንጋዩን አየችው። ታውቀዋለች። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በየፀደዩ ከትራክተር ኋላ እየተከተለች፣ ጣቷ ደርቆ እስኪሰነጠቅ ለቅማዋለች። እጇ መነሣቱን ያወቀችው መምህርቷ «እሺ፣ እርስዎ» ስትላት ነው።

«የኛን ማሳ ሞልቶታል» አለች። «እንለቅመዋለን፤ በዓመቱ ደግሞ ይመጣል። እዚያው ቦታ። አባቴ ድንጋይ ያድጋል ይል ነበር።»

ክፍሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነው። ዋንዳ ጆሮዋ ጋለ፤ ኮቷን ከወንበሩ ላይ አንስታ ብትወጣ ስንት እርምጃ እንደሚሆን አሰበች። ኬልሲ ከጎኗ ልትነሳ ምንም አልቀራትም።

ፕሮፌሰሯ ግን አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለች። «ስንት ዓመት ለቀሙ?»

«እኔ አሥራ ሁለት። አባቴ ደግሞ እስኪሞት ድረስ።»

«አባትዎ ጎበዝ ተመልካች ነበሩ። ድንጋዩ አያድግም፤ ግን ወደ ላይ እንደሚወጣ በትክክል አይተዋል።» ከዚያ ጠመኔ አንስታ ሣለች። ድንጋዩን ከሰሜን ተሸክሞ ያመጣው፣ ሐይቆቹንም የቆፈረው፣ በጥንት ዘመን አገሩን ሁሉ የሸፈነ የበረዶ ግግር ነው። በረዶው ቀልጦ ሲሄድ ድንጋዩ መሬት ውስጥ ቀረ። በየክረምቱ ከሥሩ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ድንጋዩን ሽቅብ ይገፋዋል፣ የፀጉር ያህል። ሲቀልጥ አፈር ከሥሩ ይገባና መመለሻ ያጣል። በዓመቱ ደግሞ የፀጉር ያህል።

ዋንዳ አፏ ተከፍቶ ቀረ። አባቷ ወገቡን ይዞ ከማሳው ሲመለስ፣ ድንጋዩን ሲራገም ታያት። ዕድሜውን ሙሉ ከምን ጋር ሲታገል እንደኖረ ሳያውቅ ሞተ። ሮጣ ልትነግረው ፈለገች። ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች አንዲት ተማሪ ከደብተሯ አንድ ወረቀት ገንጥላ፣ ከእስክሪብቶ ጋር ወደ እሷ ገፋች። ዋንዳ ሥዕሉን ገለበጠች። ከዚያ በኋላ የተነገረውን፣ የዘመናቱን ስምና ቁጥሩን፣ ግማሹን አልተረዳችም። ያልተረዳችውንም ጻፈችው።

ሲወጡ ኬልሲን ደጅ ላይ አቆመቻትና ብቻዋን ወደ ካፌው ተመለሰች። ጌይል ድስት ስታሳጥብ አገኘቻት።

«ጌይል፣ እግዜር ይስጥሽ። ሥራውን ግን አልወስድም።»

«ደሞዙ ነው?»

«አይደለም። እመጣለሁ፣ ግን በፊት ለፊቱ በር ነው የምገባው። ትሪ ይዤ።»

ጌይል እጇን በሽርጧ እየጠረገች አየቻት። ነገሩ ሲገባት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ልጅሽ አይደለችም እንዴ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እና መጥተሽ ሾርባዬን ልታሚ!»

«ጨው ጨምሪበት፣ አላማም።»

ዋንዳ የሆነውን ስለነገረቻት ኬልሲ መኪናው ጋ ስትደርስ ፊቷ ጠቁሯል። «አልወስድም አልሻት? እማዬ፣ በነፃ እኮ ነው!»

«በመንፈቅ አንድ ኮርስ። አስበሽዋል? ሰባ ዓመት ሲሆነኝ እመረቃለሁ። ካባውን ከነምርኩዙ ነው የምታለብሺኝ።» ዋንዳ ቀበቶዋን አሰረች። «ሃያ አራት ዓመት ሌላ ሰው እስኪበላ ቆሜ ጠብቄአለሁ። አላማረርኩም። አሁን ግን መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ኬልሲ። ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ሰው የማላውቀውን እንዲነግረኝ።»

ኬልሲ ቁልፉን እጇ ላይ አገላበጠች። «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያው የነርስነቷ ነገር ተነሣባት። «ክረምትስ? በዚያ በረዶ በየቀኑ ልትነጂ ነው?»

«ኤሞሪን ጠይቄዋለሁ። ዶርሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥግ ያለው ክፍል ፀሐይ ይገባዋል አለኝ።»

«እማዬ! ከማን ጋር ልታድሪ?»

«የሚመድቡኝ ሰው ጋ ነዋ። ብቻ አታንኮራፋ።»

ኬልሲ ደንግጣ ዞረች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ቀልድ መሆኑ ገባት። ሁለቱም መኪና ማቆሚያው ውስጥ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ዋንዳ በተከታዩ መስከረም ገባች። ዶርም አልገባችም፤ በሳምንት አራት ቀን ትነዳለች፣ በረዶ ሲበረታ ጌይል ቤት ታድራለች። ሮላንድ ሦስት ዓይነት ምግብ ማብሰል ተማረ፤ ሁለቱ ይበላሉ። የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ክፉኛ ጣላት፤ ሁለተኛውን ለጥቂት አለፈችው። ኬልሲ በየእሁዱ እየደወለች፣ «ትምህርት እንዴት ነው? እያጠናሽ ነው?» ትላታለች፤ ዋንዳም እንደማንኛውም ተማሪ «ደህና ነው» ትልና ወሬ ትቀይራለች።