ምላሹን አልቀበልም ያለው ሴናተር

ሴናተር ማላኪ ጌራቲ ሲናገር መስማት ደስ ይላል። ይህን የምለው ንግግሩን እኔ ስለምጽፍለት አይደለም። እኔ ነገሩን አሰካክቼ እሰጠዋለሁ፤ ድምፁ ግን የራሱ ነው። ከአየርላንድ ምዕራብ፣ ከማዮ ያመጣው፣ ዝናብ የጠገበ፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ መጨረሻ ላይ ሰውን ከወንበሩ ብድግ የሚያሰኝ ድምፅ። ስለሚዘጉት የገጠር ፖስታ ቤቶች ተናግሯል፤ ስለ ዓሣ አጥማጆች፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ሐኪም ስለሌላቸው መንደሮች ተናግሯል። በሴኔቱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የእሱን ያህል ስሙ የሚደጋገም ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ሁሉ ንግግር ምን ተገኘ ብትሉኝ፣ ኪልቫራ ከተማችን መግቢያ ላይ አንድ የእግረኛ መሻገሪያ መብራት አለ። እሱንም ቢሆን የታችኛው ምክር ቤት ተመራጫችን «የኔ ሥራ ነው» እያለ ይዞራል።

እኔ ደርቭላ እባላለሁ፤ ረዳቱ ነኝ። አባቴ ሲታመም ትምህርቴን አቋረጥኩ፤ የቀረኝን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ራሴ ሄጄ ወሰድኩት። ስለዚህ አንድ ሰው ቆንጆ ቃል ስለተናገረ ብቻ አልታለልም። በማላኪ ንግግር ግን አንድ ጊዜ፣ የዴሊያ ሩዋን ነገር ሲመጣ፣ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ዴሊያ ጎረቤታችን ናት። ልጇ ጃርላት ጢሙ ሽበት ጀምሮታል፤ ሆኖም እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የሚነሣው፣ ታቅፎ ነው የሚታጠበው። አይራመድም፤ አይናገርም። ድሮ በኪልቫራ እንደሱ ያሉትን ልጆች ዓርብ ተረክቦ ሰኞ የሚመልስ፣ እናቶች ትንሽ እንዲያርፉ የተከፈተ ቤት ነበር። ሠራተኛ ጠፋ ተብሎ «ለጊዜው» ተዘጋ። ከተዘጋ ጀምሮ ዴሊያ አንድ ሌሊት ሙሉ ተኝታ አታውቅም። ሐኪሟ ወገቧን አይቶ፣ በዚህ ዓይነት ማንሳቱን ከቀጠልሽ አንድ ቀን አብረሽው ትወድቂያለሽ ብሏታል። ቤቱ እስከ በጋ ካልተከፈተ ደግሞ ጃርላት ከአትሎን ማዶ ወዳለ የሽማግሌዎች መጦሪያ እንደሚወሰድ ተነግሯታል። እዚያ ለመድረስ ግማሽ አገር ማቋረጥ ያስፈልጋል። ዴሊያ ደግሞ መኪና አትነዳም።

በእኛ ምክር ቤት፣ በሴኔቱ፣ የዕለቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሴናተሮች እያንዳንዳቸው አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፤ ሚኒስትሩ መጥቶ ይመልሳል። ሕጉ እንደዚያ ነው። ልማዱ ግን ሌላ ነው። የሚመለከተው ሚኒስትር አይመቸውም፤ ያን ቀን ሥራ ያልያዘ ሚኒስትር ዴኤታ ከሌላ መሥሪያ ቤት ይላካል። ሰዎች የጻፉለትን ያነባል፤ ተጨማሪ ስትጠይቁት «አስተያየትዎን አደርሳለሁ» ይልና ይወጣል። ማላኪ ይህን ልማድ ከልቡ ይጠላዋል። «ሰው ጠየቅኩ እንጂ ሬድዮ መቼ ጠየቅኩ» ይላል ሁልጊዜ።

የዴሊያ ጉዳይ ተራ የደረሰው የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ጃርላትን ለባሏ እህት ትታ በጠዋቱ ባቡር ደብሊን መጣች። ያን ለቀብር ብቻ የምታወጣውን ጥቁር ካፖርት ለብሳለች። ማላኪ ምክር ቤቱ ባለበት በሌንስተር ሃውስ በር ላይ ተቀበላት።

«እትዬ ዴሊያ! ይሄ ካፖርት ለሠርግ ነው ለለቅሶ?»

«እሱን የምታውቀው አንተ ነህ። ደህና አድርገህ ከተናገርክ ለሠርግ ይሆናል።»

«ከተናገርኩ ይላሉ እንዴ! እኔን?»

«አባትህም አፈኛ ነበር፤ ግን በግ ሲሸጥ ብቻ ነበር የሚናገረው። ሸጦም ነው የሚመለሰው።»

ማላኪ ከት ብሎ ሳቀ። እሷን ወደ ተመልካች ሰገነት የሚያወጣ አስተናጋጅ ጠራላትና እኔና እሱ ወደ አዳራሹ ደረጃ ሄድን። ደረጃው ሥር ዶናል ትዎሚ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ትዎሚ የኮርክ ሰው ነው፤ በጣም ረጅም፣ በደረቅ ቀልዱ የታወቀ፤ የደን ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ።

«ማላኪ፣ ዛሬ የደረስኩህ እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አገባህ? ጥያቄዬ እኮ ስለ ዛፍ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ሚኒስትሯ ራሷ ብራስልስ ናት። ተቆጣ፤ ቁጣህን ግን በኋላ አድርገው። መልሱን መኪና ውስጥ አንብቤዋለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥሩ ነው። ቤቱ ከፋሲካ በኋላ በየቅዳሜና እሁዱ ይከፈታል ይላል። ተነስቼ ላንብበው፤ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይግባ። አንዴ ከገባ ማንም ሊክደው አይችልም።»

እኔ አጠገባቸው ነኝ። ደረጃውን ወጥቼ ለዴሊያ ልጮህላት ምንም አልቀረኝም።

ማላኪ ግን መነጽሩን አውልቆ በክራባቱ ጠረገ።

«ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ እሷ ራሷ ለምን አትለውም?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ብራስልስ ናት። የሚቀጥለው ሳምንት ትመለሳለች።»

«እንግዲያው የሚቀጥለው ሳምንት ትበለው።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሚቀጥለው ሳምንት መንግሥት ስለመኖሩ ማን ያውቃል?»

«ይሄን ወሬ ከገና ጀምሮ ስሰማው ነው የከረምኩት።»

አላስቻለኝም። «ሴናተር፣ ይቀበሉት። የሚያነበው ማንም ይሁን፣ ይነበብ ብቻ።»

«ደርቭላ፣ አንቺ ደግሞ!» አለኝ፣ ሳይቆጣ፤ ልጅን እንደሚያስረዱት ዓይነት። «ዛሬ ዝም ካልኩ ነገም ደን ጠባቂ ነው የሚልኩልን። ይሄ ምክር ቤት ከተናቀ ለዴሊያ የሚናገርላት ማን ነው? አንድ ሳምንት ምን አላት?»

ያመነበትን ነበር የተናገረው፤ እምላለሁ። ግን ሌላም ነገር ነበር። ሴናተሮችን የሚመርጠው ሕዝብ አይደለም፤ አብዛኞቹን የሚመርጡት በየአውራጃው ያሉ የምክር ቤት አባላት ናቸው። ማላኪ ያን ወር አገሩን በመኪና ሲዞር፣ በየከተማው ከእነሱ ጋር ሻይ ሲጠጣ ነበር የከረመው። ሚኒስትሯ በካሜራ ፊት ቆማ «ለሴናተር ጌራቲ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው» ብትል ያ ምስል በስንቱ ስልክ እንደሚዞር አስቦታል። ሁለቱም ልቡ ውስጥ ነበሩ። የትኛው ይበልጥ እንደነበር አትጠይቁኝ፤ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ገባንና ተነሥቶ ተናገረ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ስለ ዴሊያ ወገብ ተናገረ፤ ስለ ጃርላት ሣቅ፤ ሌሊት ስለሚነሡ እናቶች። ወዲያው ወደ ትዎሚ ዞረ። «ለሚኒስትር ዴኤታው በግል አክብሮት አለኝ» አለ። «ነገር ግን የአንዲት እናት ዕንባ ለተረኛ አይሰጥም። ይህን ምላሽ አልቀበልም። የሚመለከታት ሚኒስትር መጥታ ዓይኔን እያየች እስክትመልስ ጉዳዩ ለሌላ ቀን እንዲተላለፍልኝ አፈ ጉባኤውን እጠይቃለሁ።»

ከሁለቱም ወገን «ልክ ነው! ልክ ነው!» ተባለ። የመንግሥት ደጋፊዎቹም ሳይቀሩ። ትዎሚ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ተቀመጠ። ከላይ ከሰገነቱ ደግሞ ጭብጨባ ተሰማ፤ ብቸኛ ጭብጨባ። ዴሊያ ናት። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ እዚህ አይጨበጨብም» ሲላት አየሁ። እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ፊቷ ግን ይስቅ ነበር።

ሻይ ቤት ወሰድኳት። ቅቤና እንጆሪ ማርማላት ያለው ዳቦ አዘዝኩላት፤ አልነካችውም፤ ወሬው በልጦባት።

«ደርቭላዬ፣ እንዴት ነው የተናገረው! ያ ረጅሙ ሰውዬ እንዴት እንዳፈረ አየሽው? ኩምሽሽ ነው ያለው።»

«አየሁት፣ እትዬ።»

«አባቱ ቢሰማው! በይ፣ ታዲያ መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ለሌላ ቀን ተላለፈ።»

«ቤቱ?»

«መልሱ።»

ስኒዋን አስቀመጠች። «ሰውዬው መልስ ይዞ አልነበር እንዴ? ወረቀት በእጁ ነበር፤ ዓይኔ ገና ደህና ነው።»

«ይዞ ነበር።»

«ምን ይላል?»

እኔ መዋሸት ጠፍቶኝ አይደለም፤ የምሠራበት ቤት ሌላ ሙያ የለውም። እሷን ግን አልቻልኩም። «ከፋሲካ በኋላ ይከፈታል ይላል።»

ወደ በሩ ዞረች። ማላኪ በሩ አጠገብ ቆሞ እጁን የሚጨብጡትን ሰዎች እያመሰገነ ነበር፤ አንዱ ትከሻውን ይመታዋል፣ አንዱ ስልኩን ያሳየዋል። ዴሊያ እሱን እያየች ነው የተናገረችኝ።

«ደብዳቤ የሚያመጣልኝን ፖስተኛ እኮ፣ የጻፈው ሰው ራሱ ይምጣ ብዬ መልሼው አላውቅም።»

ሚኒስትሯ ከብራስልስ ተመለሰች። ግን ወደ ሴኔቱ አልመጣችም። ቅዳሜ ጥምር መንግሥቱ ተጣላ፤ ማክሰኞ የታችኛው ምክር ቤት ተበተነ። በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ የተወዳዳሪዎች ፎቶ ተሰቀለ፤ ሚኒስትሮቹ በሙሉ ድምፅ ፍለጋ የሰው በር ሊያንኳኩ ሄዱ። ሴኔቱ ያን ዕለት አይሞትም፤ ትንሽ ይቆያል። ግን ጠያቂ ያለበት መላሽ የሌለበት ቤት ሆነ። ወደ ሚኒስትሯ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። አንዲት ጨዋ ድምፅ ያላት ሴት «ያልተነበበ ምላሽ የተሰጠ ምላሽ አይደለም፤ አዲሱ ሚኒስትር ሲሾም እንደገና ያቅርቡ» አለችኝ። ትዎሚም ዘንድ ደወልኩ። ወንበሩን አጥቶ ኮርክ ተመልሷል።

«ወረቀቱማ ሱፉ ሲታጠብ አብሮ ታጠበ» አለኝ። «ቢኖርስ ምን ይረባሻል? የኔ ቃል አሁን የማን ቃል ነው?»

ማላኪ ተመረጠ፤ ከድሮው በተሻለ ድምፅ። በየአውራጃው «ያ ደን ጠባቂውን የመለሰው» ነበር የሚሉት።

ዴሊያ በግንቦት ወደቀች። ጃርላትን ከመታጠቢያ ስታወጣ ነው፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ፣ እሷ ከታች። እናቴ የጃርላትን ጩኸት ሰምታ ነው የደረሰችላቸው። ዴሊያን ወደ ሆስፒታል፣ ጃርላትን ወደ አትሎን ማዶ፤ በሁለት መኪና።

ማላኪ አዲሱ ሴኔት እንደተሰበሰበ ጉዳዩን መጀመሪያ ከሚነሡት መካከል አስገባው። ንግግሩን እኔ ጻፍኩለት። አዲስ ሚኒስትር ዴኤታ መጣ፤ የስፖርት ይሁን የባህል አሁን ረሳሁት። በአሁኑ ጊዜ ቤቱን የመክፈት ዕቅድ እንደሌለ አነበበ። ማላኪ አልተቃወመም፤ አመስግኖ ተቀመጠ። ኮሪደር ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ምን ላድርግ፣ ደርቭላ? የፈለግሽውን ንገሪኝ፣ አደርገዋለሁ። ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ?»

ዓይኑ ቀልቷል፤ ማስመሰል አልነበረም።

«ለእርስዎ የሚቀልልዎት ከሆነ ይውደቁ» አልኩት። «ለእሷ ግን ምንም የሚያደርጉላት የለም።»

እሁድ ዴሊያን በመኪናዬ ወሰድኳት። ምርኩዝ ይዛለች። መጦሪያው ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹም ክፉ አይደሉም። ጃርላትን በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጠውታል፤ ግራና ቀኙ ቴሌቪዥን ከፍተው የሚያንቀላፉ ሽማግሌዎች ናቸው። ከስቷል። ጢሙን የላጨው ሰው አልቻለበትም፤ አገጩ ሥር ቆርጦታል። ነርሷ፣ ለሠራተኞቹ አፉን አልከፍት ስላለና ከእናቱ እጅ በቀር እንደማይበላ ሰምታ ስለነበር በደስታ ሳህኑን ለዴሊያ አቀበለቻት፤ የተፈጨ ድንችና ካሮት።

ዴሊያ ምርኩዟን ወንበሩ ላይ አጋደመች። ማንኪያውን ሞልታ፣ ከንፈሯን አስጠግታ ሙቀቱን ለካች፤ ወደ አፉ ወሰደችው። «ጃርላትዬ፤ በል እንጂ፣ የኔ ጌታ። እኔ እኮ ነኝ።»

ጃርላት አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ደጋግማ ሞከረች። ማንኪያው ቀዘቀዘ፤ ሌላ ሞላች፤ እሱም ቀዘቀዘ። ነርሷ ቀስ ብላ ወጣች።

«ለኔም አፉን አይከፍትም» አለች ዴሊያ። ማንኪያውን አላስቀመጠችውም። «እኔም እንደነሱ ባዕድ ሆኜበታለሁ።»