ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ

የልጄ ስም ቱንቢ ነው። አዎ፣ ግንበኞች ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን ለማየት በክር አንጠልጥለው የሚለቁት ያ ሾጣጣ ብረት። ስሙን የሰማ ሰው መጀመሪያ ፊቴን ያያል፤ እየቀለድኩ መሆኑን ሊያረጋግጥ። አልቀልድም። ይህን ዛሬ ደረቴን ነፍቼ ስናገር ድሮም እንዲህ ጀግና የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሟን እንደ ሌባ ደብቄዋለሁ።

ሚስቴ ግንበኛ ናት፤ እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። የእሷ ሥራ ለልጅ ልጅ ይቆያል፤ የእኔ ሥራ በሁለተኛው ሳምንት አድጎ ይመለሳል። በዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ የሚበቃኝን ያህል ተስቆብኛልና እናንተ አትጨምሩበት።

የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ትገነባ ነበር። አዲሱ ግንብ ከድሮው አጥር ጎን የሚቀጥል ነው። ያን ሰሞን ወገቧን እያመማት ስለነበር ጎንበስ ቀና ማለቱን ለመቀነስ ብላ፣ የድሮውን እያየች በዓይኗ ልክ ብሎኬቱን ስትደረድር ሰነበተች። ያየ ሁሉ «ቀጥ ያለ ነው» አላት። ፎርማኑም አለ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛም አለ። እኔ ምሳዋን ይዤ በደረስኩበት ሰዓት ግን ልቧ አልረጋ ብሏት ቱንቢውን ከግንቡ ጫፍ ላይ ለቀቀችው። ክሩ ከላይ ብሎኬቱን ነክቶ ከታች ሦስት ጣት ራቀ። ለካ የድሮው አጥር ራሱ ዘሟል፤ የእሷም ግንብ እሱን ተከትሎ እኩል ዘሟል።

«ተይው» አላት ፎርማኑ፣ «ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ማን ያየዋል?»

መዶሻዋን አንስታ የአራት ቀን ሥራዋን ከላይ ጀምራ ማፍረስ ያዘች። ሆዷ ገፍቶ፣ አቧራው ፊቷን አልብሶት፣ በየመሐሉ ወገቧን እየደገፈች። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ያያሉ። ምሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በሕይወቴ በሰው እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ማምሻውን ወደ ቤት ስንሄድ «ሴት ከሆነች ቱንቢ እንበላት» አልኳት።

«አትቀልድ።»

«የምሬን ነው።»

ጥቂት እንደሄድን እጄን ያዘችኝ። ሚስቴ መንገድ ላይ እጅ መያዝ የምትወድ ሴት አይደለችም። «እንግዲህ ሐሳብህን እንዳትቀይር» አለችኝ።

ሐሳቤን አልቀየርኩም። ወኔዬ ነው የከዳኝ።

ፀጉር ቤት ምን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። ወንበሬ ላይ ሃያ ደቂቃ የተቀመጠ ሰው በዓለም ጉዳይ ሁሉ ላይ ለመፍረድ ሥልጣን ያገኘ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «ልክ ነህ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጭንቅላቱን በእጄ ይዤ እንዴት እከራከረዋለሁ? ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ሥራ ስገባ የመጀመሪያው ደንበኛ ከማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ነበር።

«እንኳን ደስ አለህ። ማን አላችኋት?»

ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጄ አድጋ ትምህርት ቤት ስትገባ ታየችኝ፤ ልጆቹ «ሲሚንቶ መጣች» እያሉ ሲከተሏት፣ እሷ እያለቀሰች ወደ ቤት ስትሮጥ። አፌ ሳላዘው ተከፈተና ሌላ ስም ጠራ። የማንን ስም መሰላችሁ? የራሱን የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ስም። ሰውየው ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ብድግ ብሎ አቀፈኝ። ያከበርኩት መስሎታል።

ያንኑ ለሁሉም ብደግመው ኖሮ ምናልባት ነገሩ ተሸፋፍኖ ይቀር ነበር። ግን ውሸት አልለመድኩም። በማግስቱ ባለታክሲው ሲጠይቀኝ ድንብርብሬ ወጣ። ዓይኔ ያረፈበትን አነበብኩ፤ ያረፈው ደግሞ መስታወቱ ሥር ባለው የፀጉር ቅባት ጠርሙስ ላይ ነው። «ዘመናዊ ስም ነው» አለ ባለታክሲው። ለጡረተኛው መምህር ተራቸው ሲደርስ የእናቴን ስም ነገርኳቸው። ቢያንስ ያኛው የሰው ስም ነበር።

ቤት ስገባ ልጄን ታቅፌ «ቱንቢዬ» እላታለሁ፤ ትንሿ እጇ ጣቴን ጭምድድ አድርጋ ትይዘዋለች። «ሰዉ ስሙን ሲሰማ ምን አለ?» ትለኛለች ሚስቴ። «ወደውታል» እላታለሁ። ከውሸቶቼ ሁሉ እሱ ይብሳል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ልደቷን ልናስመዘግብ ተቀጣጠርን። ሚስቴ ልጅቷን ይዛ ፀጉር ቤቱ መጣች። ወንበሩ ላይ ጡረተኛው መምህር ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ለብሶ ተቀምጠዋል። ባለታክሲው ተራውን ይጠብቃል። ሚስቴ ሰላም ብላ አረፍ ከማለቷ ዳቦ ጋጋሪው ከማዶ መንገዱን ተሻግሮ ገባ። በእጁ አንዲት ነጭ የሹራብ ኮፍያ ይዟል።

«ባለቤቴ ናት የሠራቻት» አላት። «ስሟን የጠለፈችው ግን ልጄ ናት። ሞክሼ አገኘሁ ብላ ከደስታዋ ብዛት እንቅልፍ አጥታለች።»

ሚስቴ ኮፍያዋን ተቀብላ ጥልፉን አነበበች። ደግማ አነበበች። «የማን ሞክሼ?» አለች ቀስ ብላ።

«የልጄ ነዋ።»

«ኧረ ተሳስተሃል፣ ስሟ ሌላ ነው» አለና ባለታክሲው የፀጉር ቅባቱን ስም ጠራ።

መምህሩ ከነአረፋቸው ቀና አሉ። «ሁለታችሁም አልሰማችሁም። የአያቷን ስም ነው የወረሰችው።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሚስቴ አልዞረችም፤ በመስታወቱ ውስጥ ግን ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ተቆጥታ ብትሆን በተሻለኝ። ከፍቷት ነበር። «ወደውታል» ያልኳትን እያስታወሰች እንደሆነ ገባኝና የምገባበት ጠፋኝ።

ምላጩን አስቀመጥኩ። «ሦስታችሁንም ዋሽቻችኋለሁ» አልኩ። «ስሟ ቱንቢ ነው።»

ባለታክሲው «እና ያ ለእኔ የነገርከኝስ?» አለ። ወደ ጠርሙሱ ጠቆምኩት። ተነስቶ አነበበው። «ለሚስቴ እኮ ነግሬያታለሁ» አለ፣ «የሚቀጥለውን ልጅ እንደዚያ እንለዋለን ተባብለን ጨርሰናል።»

መምህሩ አልሳቁም። «ልጅ ናት እንጂ ግድግዳ ናት እንዴ? ለምን ቱንቢ?»

ነገርኳቸው። የድሮውን አጥር፣ «ማን ያየዋል» ያለውን ፎርማን፣ መዶሻውን፣ ሁሉንም። ሦስት ሳምንት የፈራሁት ነገር ከአፌ ሲወጣ ምንም የሚያሳፍር አልነበረበትም። እንዲያውም ሞቅ ብሎኝ «አራት ጣት ሙሉ ዘሞ ነበር» ስል ሚስቴ «ሦስት» ብላ አረመችኝ።

«የገዛ ሥራዋን ራሷ አፈረሰችው?» አሉ መምህሩ።

«ራሷ።»

ሚስቴን በመስታወቱ ውስጥ ረዘም አድርገው አዩዋት። «እኔ አርባ ዓመት ሳስተምር ተሳስቻለሁ ብዬ ሰሌዳዬን ተማሪ ፊት ያጠፋሁት ሁለት ጊዜ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በል የቀረውን ፊቴን ጨርስልኝ» አሉኝ።

ዳቦ ጋጋሪው ብቻ ቆሞ ቀረ። «ልጄ ደስ ብሏት ነበር» አለ። እሱ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

«ዛሬውኑ መጥቼ ራሴ እነግራታለሁ» አልኩት። «ይቅርታም እጠይቃታለሁ።»

«ትጠይቃታለህ» አለ። ቆጣ ብሏል፤ ግን በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ሚስቴን «ኮፍያዋን ያዢያት፣ ጥልፉ ይፈታል» አላት።

እስከ ምዝገባው ቢሮ ያለው መንገድ አጭር ነው። የዚያን ቀን አላልቅ አለኝ። ሚስቴ ልጅቷን ታቅፋ ከጎኔ ትራመዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ አፏን ከፈተች። «ወደውታል አልከኝ» አለች።

ቢሮው ውስጥ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢው ከመስኮቱ መስታወት ወዲያ ሆኖ ቀና ሳይል «የሕፃኗ ስም?» አለ።

«ቱንቢ» አልኩ።

አሁን ቀና አለ። «የግንበኛው ዕቃ?»

«አዎ።»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስተኛው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። «እዚህ ቁጭ ብዬ ስንቱን አይቻለሁ» አለ። «ዛሬ አስጽፎ ነገ ሰው ሳቀብኝ፣ ቀይሩልኝ ብሎ የሚመጣ ብዙ ነው። መቀየር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሌላ ስም ካላችሁ አሁኑኑ ንገሩኝ።»

ሚስቴ ልጅቷን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረቻት። «እሱ ሌላ ሦስት አለው» አለች።

አልሳቀችም። ነገሩ ገባኝ። ከፈለግኩ መሸሽ እችላለሁ፤ እሷ አትከለክለኝም፤ በሰው ፊትም አትከራከረኝም። ከሸሸሁ ግን ከእንግዲህ የምነግራትን ሁሉ እያጣራች ነው የምትሰማው። መዝጋቢው ይጠብቃል። ከኋላችን ያሉት ሴትዮ ለመስማት አንገታቸውን አስግገዋል።

ወደ መስታወቱ ጠጋ አልኩ። «ሌላ የለም። ቱንቢ ብለህ ጻፍ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«አልሰማሁህም» አለ መዝጋቢው፣ «መስታወቱ ነው። ጮክ በል።»

ጮክ አልኩ። ፀጉር ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው ሰውዬ፣ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ጮክ ብዬ የልጄን ስም ጠራሁ። እናቷ ግንበኛ እንደሆነችም ጨመርኩበት፤ ማንም አልጠየቀኝም። በሩ ጋ አንድ ሰው ሳቀ። ሚስቴ ነጻ እጇን ሰዳ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጄን ያዘችኝ። መዝጋቢው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ መጻፍ ጀመረ።

እኔ ግን ስሟን ደግሜ ጮክ ብዬ እንድጠራው አሁንም አልሰማሁህም ቢለኝ ብዬ እየተመኘሁ ነበር።