የመጀመሪያው ዕጣ

ሰምሃል በሃያ ሦስት ዓመቷ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ተቀጥራ የመጀመሪያ ደመወዟን በተቀበለች ሳምንት ዕቁብ ገባች። አሥር ሰው፣ በወር ሦስት ሦስት ሺህ ብር። የመጀመሪያው ዕጣ ለእሷ ወጣና ሠላሳ ሺህ ብር ታቀፈች። ቀድሞ የወሰደ ዋስ ይጠራልና ከአሥሩ አንዷ የሆኑት የቢሮው ሻይ አፍይ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ፈረሙላት። የእናቷ የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ እናቷ ወደ ከተማው ዳር ሲዛወሩ ልጃቸውን አደራ ብለዋቸዋል።

ቢሮው በሙሉ "እንኳን ደስ አለሽ" አላት። ጉዱ የጀመረው ከዚህ ነው። ለተበዳሪ ደግሞ እንኳን ደስ አለሽ ይባላል እንዴ? እሷም ዕድሏ መስሏት ስልክ ገዛች፣ ጫማ ገዛች፣ ጓደኞቿን ጋበዘች። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት አጥታው አይደለም፤ ወርቁ የሰው መሆኑን የነገራት የለም።

እስከ ሰባተኛው ወር ከፈለች። ከዚያ ቂርቆስ የተከራየቻት ክፍል ዋጋ ጨመረ። የሚቀነስ ወጪ ስትፈልግ ዕቁቡ ታያት።

"በቃ የእኔን ወስጃለሁ። ማለቴ፣ ከዚህ በኋላ ምን አገኛለሁ?" አለቻት ለጓደኛዋ ለሀኒ።

የዕቁቡ ሰብሳቢ ኃይለገብርኤል ሁለት ወር ከኪሱ ሸፈነላት። ሲጠይቃት "እሺ" ትላለች፣ አትከፍልም። እፍረትም ፍርሃትም የላትም። ያደገችበት ቤት ሲፈርስ ቆማ ካየች ወዲህ ልቧ ደንዝዟል።

የመጨረሻው ዕጣ የወይዘሮ ሸዋአየሁ ነበር። ያሉበትን ቤት ልቀቁ ተብለው ለአዲስ ኪራይ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ሠላሳ ሺህ ሲጠብቁ፣ ኃይለገብርኤል ሃያ አንድ ሺህ ቆጠረላቸው።

"ዘጠኙስ?"

"የሰምሃል የሦስት ወር ነው፤ ሁለቱን ከኪሴ ሸፍኜ ነበር፣ የዘንድሮውን ወር ደግሞ አልከፈለችም። ዋሷ እርስዎ ነዎት።"

ሴትዮዋ ብሩን በመሐረብ ቋጠሩት። አጠገባቸው ለቆመችው ሰምሃል ያኔ ገባት። እሳቸው አሥር ወር ሲያስቀምጡ ከርመዋል፤ እሷ ተበድራ በልታለች፣ አበዳሪዋም እኚሁ ሴት ናቸው። ገባት እንጂ አልተሰማትም።

በሳምንቱ አዲስ ዕቁብ ተጻፈ። ኃይለገብርኤል "ዋስሽ ማን ነው?" ሲላት ሁሉም አቀረቀረ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ብርጭቆ ይሰበስባሉ።

"የመጨረሻውን ዕጣ ጻፍልኝ፣ እሱ ዋስ አይፈልግም" አለች። "ሲደርሰኝ ዘጠኙን ሺህ ለእሳቸው ትሰጣለህ።"

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቀና አሉ። ቁጣ የለባቸውም።

"ተባረኪ ልጄ። እኔ ግን ቤቱን የምለቀው ቅዳሜ ነው።"

ዓመት ሙሉ ያልተሰማት ሁሉ ያኔ አመማት።